ለኢንፍሉዌንዛ የቤት ውስጥ መድኃኒት፦ የቱን ለማን?

የጓሮ ቅጠል፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኢንፍሉዌንዛ ገብቶብናል፤ ትኩሳቱ ድንገት ነው የጀመረው፣ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል አለው። ከታመሙት አንዷ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ አባታችን ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፣ ሕፃኑ 8 ወሩ ነው። ቤት ውስጥ ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳምና ባሕር ዛፍ አለ። የቱን ለማን፣ በምን መጠን?

ጦስኝ ወዳጅ፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። አንዳቸውም ቫይረሱን አያጠፉትም፤ ሳልና ጉሮሮ ያስታግሳሉ፣ ፈሳሽም ያስጠጣሉ። ለአዋቂ ጦስኝን አስቀድማለሁ። 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ላይ 1 ብርጭቆ የፈላ ውኃ ጨምረሽ ክደኚው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ አጥልይው። ብዙ ሰው እሳት ላይ ጥዶ ያንተከትከዋል፤ ቤቱ ሲታወድ ደስ ይላል እንጂ የሚፈለገው ዘይት በእንፋሎቱ ወጥቶ አለቀ ማለት ነው። ዝንጅብል ግን መፍላት አለበት፦ የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል ቀጥቅጠሽ በ2 ብርጭቆ ውኃ 10 ደቂቃ። ማሩ ለብ ሲል ይግባ።

ባሕር ዛፍ የሚታጠን ካለ ድስቱ ከእሳት ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ጭን ወይም አልጋ ላይ አይሁን፤ ሲገለበጥ ክፉኛ ያቃጥላል። ሕፃን አይታጠንም። የባሕር ዛፍ ዘይትማ ከተጠጣ መርዝ ነው።

ፋርማሲስቱ፦
መጠኑ ላይ እስማማለሁ፤ ችግሩ አንድ ድስት ለሁሉም መቅዳቱ ነው። ነፍሰ ጡሯ ጤና አዳም አትንካ፣ ማህፀን ያኮማትራል፤ ቡና ላይ የምትጣለዋም ትቅርባት። ጦስኙም እንደ መድኃኒት ተደጋግሞ አይጠጣ፣ ቀጭን የዝንጅብል ሻይ በማር ይበቃታል። ደግሞም እርግዝና ላይ ኢንፍሉዌንዛ ይከብዳልና ዛሬውኑ ሐኪም ይያት፤ ኦሴልታሚቪር የሚባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ነው።

አባታችሁ ወጥ ውስጥ የገባ ነጭ ሽንኩርት አይጎዳቸውም። ጥሬውን በፍሬ በፍሬ መዋጥና ዝንጅብል ማብዛት ግን ከዋርፋሪን ጋር ደም ሊያፈስ ይችላል። ለትኩሳቱ አስፒሪንም አይቡፕሮፌንም አይስጧቸው፤ የፓራሲታሞሉን መጠን ዋርፋሪኑን የሚከታተላቸው ሐኪም ይንገራችሁ።

የጓሮ ቅጠል፦
ለሕፃኑስ? ምች ነው፣ ዳማ ከሴ ጨምቃችሁ አፍንጫው ላይ ጠብ አድርጉለት የሚሉን አሉ።

ፋርማሲስቱ፦
አይደረግም፤ ጭማቂው ወደ ሳንባ ሊገባበት ይችላል። ማርም 1 ዓመት ሳይሞላው ክልክል ነው፣ ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻ የሚያሽመደምድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። አፍንጫው ከታፈነ ¼ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አሟሙታችሁ፣ ከመጥባቱ በፊት በየቀዳዳው 2 ጠብታ። ውኃው በየቀኑ ይቀየር። ከሰልና ዕጣን ከክፍሉ ይውጣ። ሳያለቅስ ሙሉ 1 ደቂቃ አተነፋፈሱን ቁጠሩ፤ 50 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ይዛችሁት ሂዱ።