ሪዮ ፒኤምፒ 300 የነበራችሁ ሰዎች፣ እንዴት ነበር? ውስጡ ያለው ዘፈንስ ይወጣል?

የሜሪላንዷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት የእናቴን ቤዝመንት ስናጸዳ አንድ የጫማ ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ የአጎቴ ዕቃ ነው። ያለቁ የስልክ ካርዶች፣ የማናውቃቸው ቁልፎች፣ የተጠቀለለ የጆሮ ማዳመጫ፣ ከነሱ ጋር ደግሞ አንድ ጥቁር ነገር። መጀመሪያ ፔጀር መስሎኝ ነበር። ፊቱ ላይ ትልቅ ክብ ቁልፍ አለው፣ ከዚያ በላይ ትንሽ መስኮት። ጠረግ ሳደርገው "ሪዮ" ይላል፣ ሞዴሉ ፒኤምፒ 300።

እናቴን ስጠይቃት አጎቴ እ.ኤ.አ. በ1999 ዲሲ እያለ የገዛው ሙዚቃ ማጫወቻ ነው አለችኝ። እሱ አሁን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገብቷል። እስካሁን አልነገርኩትም። መሥራቱን ሳላረጋግጥ ደውዬ ልቡን መስቀል አልፈለግሁም።

ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ባትሪ ድንጋይ ከተቀመጠ ዘፈኖቹ አሁንም ውስጡ አሉ ማለት ነው? ካሉስ እንዴት ነው የማወጣቸው? አብሮት ያለው ገመድ ጫፉ እንደ ድሮ ፕሪንተር ሰፊ ነው፣ ግራና ቀኙ ብሎን አለው፣ እኔ ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለም። ደግሞ የነበራችሁ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ፣ ያኔ ጥሩ ዕቃ ነበር? አጎቴ ለምን እስካሁን ሳይጥለው እንዳቆየው ማወቅ እፈልጋለሁ።

ባለፓርኪንጉ፦

እህቴ፣ ስሙን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔም ነበረኝ። በ1999 ነው የገዛሁት፣ 200 ዶላር። ያኔ ዲሲ መሃል ከተማ ሌሊት ፓርኪንግ እሠራ ነበር። 200 ዶላር ቀላል ብር አልነበረም፣ ሁለት ወር አጠራቅሜ ነው።

ምን አስገዛህ በይኝ። ዲስክማኔ፣ ያ ተንቀሳቃሽ ሲዲ ማጫወቻ፣ አስመርሮኝ ነው። መኪና አቁሜ ስወርድ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ሮጥ ስል ዘፈኑ ይቆራረጣል። ሪዮ ውስጥ ግን የሚሽከረከር ነገር የለም። ብትሮጪም ብትዘይም አይነካውም። ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ከነድንጋዩ 100 ግራም አይሞላም። አንዲት ደብል ኤ ድንጋይ 12 ሰዓት ገደማ ታስኬደዋለች። የኔ ፈረቃ 10 ሰዓት ነበር። አንድ ድንጋይ ለአንድ ሌሊት በቂዬ ነው።

ቦታው ግን 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። ለልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። በ128 ኪሎቢት ጥራት ከቀዳሽው ግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለፈረንጅ ዘፈን ስምንት፣ ዘጠኝ ይሆናል። የኛ ዘፈን ግን መግቢያው ብቻ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ ጠቅላላው ስድስት ሰባት ደቂቃ ነው። ስለዚህ አምስት ዘፈን። በቃ።

ማታ ማታ ሥራ ከመግባቴ በፊት ኮምፒውተሩ ጋ ቁጭ ብዬ እመርጣለሁ። ዛሬ የትኞቹን አምስት? አንዱ እንዲገባ ሌላው መውጣት አለበት። ከመረጥኩ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የምሰማው እነሱኑ ነው፣ ሲነጋጋ እያንዳንዱን አስራ አምስት ጊዜ ያህል ሰምቼዋለሁ፣ ባሱ የት ጋ እንደሚገባ፣ ዘፋኙ የት ጋ ትንፋሽ እንደሚስብ፣ ከበሮ መቺው የት ጋ እንደሚቸኩል ሳይቀር ለይቼ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዘፈን እንደዚያ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ስልኬ ላይ ስንትና ስንት ዘፈን አለ፣ መግቢያውን ሰማ አደርግና አልፈዋለሁ።

ለኔ ጥሩ ዕቃ ነበር። በጣም ጥሩ።

ቴፕ ወዳጅ፦

እኔ ደግሞ የማልስማማበትን ልናገር፣ ጠያቂዋ እውነቱን ንገሩኝ ብላለች። እኔም ገዝቼው ነበር። ሦስት ወር ይዤው ለጓደኛዬ ሸጥኩት።

በ200 ዶላር ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ! ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ያኔ በሁለት ዶላር ይገኝ ነበር። "አንድ ሰዓት ይይዛል" ይባላል፣ አዎ፣ ጥራቱን ወደ 64 ኪሎቢት ካወረድሽው ይይዛል። ግን ጆሮ ያለው ሰው እንዴት ይችለዋል? ጭብጨባው ውሃ ውስጥ የሚጨበጨብ ይመስላል። ማሲንቆ ላይ ይብሳል። ጭራው ከጭራው ጋር ሲፋተግ የሚያወጣው ያ ሻካራ ድምፅ አለ አይደል፣ እሱ ሟሙቶ ፉጨት ይሆናል። የማሲንቆ ነፍሱ እሱ ነው።

ልፋቱስ? ያኔ የአማርኛ ዘፈን በኤምፒ3 እንደ ልብ አይገኝም። ካሴቱን ከቴፑ በገመድ ወደ ኮምፒውተር፣ ሙሉ ሰዓቱን ቁጭ ብለሽ ጠብቀሽ፣ ከዚያ መቆራረጥ፣ ከዚያ ወደ ኤምፒ3 መቀየር፣ ከዚያ ወደ ሪዮ መጫን። አንድ እሁድ ሙሉ። ይህን ሁሉ ለፍተሽ ደግሞ የዘፈኑን ስም አያሳይም። መስኮቷ ላይ የሚታየው የትራኩ ቁጥርና ደቂቃው ነው።

አንድ ነገር ግን ወድጄለት ነበር፣ እሱን ብደብቅ ትክክል አይሆንም። ኤ-ቢ የምትል ቁልፍ አለችው። የፈለግሽው ቦታ መጀመሪያ ላይ ትጫኛለሽ፣ መጨረሻው ላይ ትጫኛለሽ፣ ያቺን ቁራጭ ብቻ ይደጋግምልሻል። በዚያን ጊዜ ክራር እማር ነበር። ካሴት ወደ ኋላ እያጠነጠንኩ አንድ ቦታ ደጋግሜ ለመስማት ስንቱን ካሴት በጥሻለሁ። ሪዮ ላይ አራት ሰከንድ የምትሆን የጣት አጣጣል ይዤ ማታውን ሙሉ ተቀምጬ ነው ያጠናኋት። እስካሁን ያቺን ቦታ ስመታ እጄ አይስትም።

ጠጋኙ፦

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ዘፈኖቹ ሊኖሩ ይችላሉ። ሪዮ የሚያስቀምጠው ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ድንጋይ ቢወጣም አይጠፋም። ፍላሽም ግን ያረጃል። የያዘው የኤሌክትሪክ ሙል በዓመታት ቀስ እያለ ይሾልካል። ስለዚህ ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ በእርግጠኝነት አለ ብዬ ቃል አልገባልሽም። መሞከር ነው።

መጀመሪያ የድንጋዩን ቤት ክፈቺ። ክዳኗን ቀስ በይባት፣ ያረጀ ፕላስቲክ ነው። እኔ የራሴን አንዴ ከእጄ አምልጦ ሲወድቅ ክዳኗ ተሰብራ በፕላስተር ነበር የማስራት። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካየሽ አትደንግጪ፣ የድንጋይ ፍሳሽ ነው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ እርጥብ አድርጊና ሁለቱን ብረቶች እሺያቸው። ጠብ ጠብ እስኪል አታርሺው። ፍሳሹ አልካላይ ስለሆነ አሲዱ ያረክሰዋል። ከዚያ በአልኮል ጥረጊው፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አዲስ ድንጋይ።

ገመዱን ተዪው። ፓራለል ፖርት ይባላል፣ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ የለም። ከዩኤስቢ ወደ ፕሪንተር የሚቀይር ገመድ ሊሸጥልሽ የሚፈልግ ካለ እንዳትገዢ። እኔ አንድ ሱቅ "ለሁሉም ይሠራል" ብለውኝ ገንዘቤ ቀልጧል። ያ ገመድ ፕሪንተር ብቻ ነው የሚያውቀው። የሪዮ ፕሮግራም ደግሞ ፖርቱን በቀጥታ ነው የሚያናግረው፣ ስለዚህ አይግባቡም።

ቢገናኝም ከሪዮ ጋር የመጣው ፕሮግራም ዘፈን ወደ ሪዮ ይጭናል እንጂ ወደ ኮምፒውተር አይመልስም። የቀረሽ መውጫ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ነው። ሁለቱም ጫፉ 3.5 ሚሊሜትር የሆነ ገመድ ያዢ፣ አንዱን ሪዮ ላይ፣ አንዱን ኮምፒውተሩ ድምፅ መግቢያ ላይ ሰኪ። ላፕቶፕሽ የማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ካለው ትንሽ የዩኤስቢ ድምፅ መቅረጫ ያስፈልግሻል፣ ውድ አይደለም። ኦዳሲቲ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ በእሱ ቅጂው። የሪዮውን ድምፅ መሃል አካባቢ አድርጊው፣ ኢኪውን፣ የድምፅ ማስተካከያውን ማለቴ ነው፣ ኖርማል ላይ። እስኪያልቅ ጠብቂ። ግማሽ ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ቀጭን ካርድ ተሰክቶበት ከሆነ ስማርትሚዲያ የሚባል የሜሞሪ ካርድ ነው፣ እሱም ላይ ዘፈን ሊኖር ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ከሰካሽውና "ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ከጠየቀሽ እሺ እንዳትይ። እዚያው ሪዮው ላይ እንዳለ አጫውቺው።

ከዳላስ፦

ጠጋኙ "ወደ ኮምፒውተር አይመልስም" ብሎ ያነሳው ነገር ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ጉዳይ ነው። በኦክቶበር 1998 የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር የሪዮን አምራች ዳይመንድ መልቲሚዲያን ከሶ ሽያጩ እንዲታገድ ጠይቆ ነበር። የታችኛው ፍርድ ቤት በመጨረሻ አላገደም። ይግባኙን ያየው የዘጠነኛው ምድብ ፍርድ ቤትም በጁን 1999 ለሪዮ ፈረደ። በ1992 የወጣ ሕግ ዲጂታል ሙዚቃ የሚቀዱ መሣሪያዎች ላይ ክፍያና የቅጂ መቆጣጠሪያ ይጥላል። ፍርድ ቤቱ ግን ሪዮ የሚቀዳው ከኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሌላ ሌላ ፕሮግራምም ያለበት እንጂ የሙዚቃ ቅጂ አይደለም፣ ስለዚህ ሪዮ ሕጉ ውስጥ አይገባም አለ። የራስን ሙዚቃ ከኮምፒውተር ወደ ኪስ ማዛወር የግል አጠቃቀም ነው ብሎም ጽፏል። ሪዮ ከተቀበለው ፋይል ቅጂ ለሌላ ማስተላለፍ እንደማይችልም እዚያው ውሳኔ ላይ ተጠቅሷል።

የመጀመሪያው ሪዮ ነው የሚሉ አሉ፣ አይደለም። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ከኮሪያ ኤምፒማን የሚባል ማጫወቻ ወጥቷል። እኔ ግን ትልቁን ቦታ ለሪዮ ነው የምሰጠው። አይፖድ በኦክቶበር 2001 5 ጊጋባይት ይዞ ሲመጣ፣ ከሪዮ 150 እጥፍ በላይ ማለት ነው፣ የፍርድ ቤቱ ጥያቄ አልቆ መንገዱ ተጠርጎ ነበር የጠበቀው።

ባለፓርኪንጉ፦

ቴፕ ወዳጅ፣ ስለ ድምፁ ልክ ነህ፣ በ64 ኪሎቢት እኔም አልወድም ነበር። ለዚያ ነው አምስት ዘፈን ይበቃኛል ያልኩት። ስለ እሁዱ ግን አልስማማም። እኛ ቤት አራት ሆነን ነበር የምንኖረው። ካሴቱ ሲቀዳ ስፒከሩን ከፍተን ሁላችንም እንሰማለን፣ አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ "እሷን ለኔ አስገባልኝ" ይላል። በኋላ ሪዮውን ተራ በተራ መዋስ ጀመርን። የማን ዘፈን ውስጡ እንደሆነ ሰምተህ ነው የምታውቀው።

የሜሪላንዷ፦

ሠራ! ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጠጋኙ እንዳልከው ውስጡ ነጭ ዱቄት ነበረው። በኮምጣጤ ጠርጌ፣ አድርቄ፣ አዲስ ድንጋይ ስከት ምንም የለም። ተስፋ ቆርጬ ልተወው ነበር። እናቴ ስፕሪንጓ ስር ገና አልጸዳም አለችኝ። በመርፌ ጫፍ ጥጥ ጠቅልዬ ደግሜ ጠረግኩት። ከዚያ መስኮቷ ላይ ጽሑፉ መጣ። 5 ትራክ። ባለፓርኪንጉ፣ ልክ አምስት!

ማስቻል አቅቶኝ ለአጎቴ በቴሌግራም ደወልኩለት። ማዳመጫውን ስልኩ ጋ አስጠግቼ ነው ያሰማሁት። ስሙን ስለማያሳይ ቁጥሩን ብቻ እነግረዋለሁ። "አንድ ላይ ነው" ስለው ገና ሳልጫነው ዘፈኑን ነገረኝ። ሁለትንም። ሦስትንም። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ!

አራት ላይ "እሱ የሠርግ ዘፈን ነው" አለ። ስጫነው ትዝታ ነው፣ ክራር ብቻ። ዝም አለ። አልቋል ብዬ ላጠፋው ስል "ተዪው፣ ተዪው" አለኝ። እስከ መጨረሻው ሰማው። "ይሄ የኔ አይደለም" አለ። አብሮት ይኖር የነበረ ልጅ ሪዮውን ተውሶ ሲመልስለት ሳይነግረው ያስገባለት መሆን አለበት አለ። ከዚያ ስለ ልጁ ነገረኝ፣ ሌሊት ታክሲ እንደሚነዳ፣ ሽሮ አሠራሩ፣ ክረምት ላይ አንድ ወፍራም ካፖርት ተራ በተራ ይለብሱ እንደነበር። አምስተኛውን ሳንሰማው ካርዱ... ይቅርታ፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ገመዱና መቅረጫው ቅዳሜ ይደርሱልኛል። መጀመሪያ የምቀዳው አራተኛውን ነው። እስከዚያ ድንጋዩን አውጥቼ አስቀምጬዋለሁ፣ ጠጋኙ፣ ልክ ነኝ?

ጠጋኙ፦

ልክ ነሽ። ስትቀጂ ደግሞ መሃል ላይ እንዳይዘጋብሽ አዲስ ድንጋይ ክተቺበት።