ሁለት ኩዊን መጣሌ ልክ ነው? አራት ቀርተን ሽልማቱ ለሦስት ነው

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ አዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ጓደኛችን ቤት አንዳንድ ቅዳሜ ማታ ቴክሳስ ሆልደም (የፖከር ዓይነት የካርታ ጨዋታ) ቶርናመንት እንጫወታለን። ባለፈው አስር ነበርን፣ መግቢያው 500 ብር፣ ሁሉም የጀመረው በ10,000 ቺፕ (የጨዋታው መቁጠሪያ) ነው። አንደኛ 2,500፣ ሁለተኛ 1,500፣ ሦስተኛ 1,000 ብር ያገኛል። አራተኛ የወጣ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ።

አራት ስንቀር ብላይንዱ፣ ማለትም ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ በግዴታ የሚያስገቡት ቺፕ፣ 500 (ስሞል) እና 1,000 (ቢግ) ደርሷል። መሪው 46,000፣ እኔ 30,000፣ ሦስተኛው 19,000 አለን። የመጨረሻው 5,000 ብቻ ነው የቀረው፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ቢግ ብላይንድ እሱ ነው። እኔ ቢግ ብላይንድ ላይ ነኝ። ሁለቱ ካርታቸውን ጥለው ከዙሩ ወጡ፣ ስሞል ብላይንድ ላይ ያለው መሪ ኦል-ኢን (ያለኝን ቺፕ ሁሉ) አለ። ካርታዬን ቀና አድርጌ ሳይ ሁለት ኩዊን! ብዙ ካሰብኩ በኋላ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ሙድ መያዣ ሆኛለሁ። ልክ ነኝ ወይስ ፈሪ ነኝ?

የታቦር ልጅ፦
ኧረ በናትህ! ኩዊን እንዴት ይጣላል? ከመሪው የሚቆጠረው ያንተን ያህል 30,000 ነው፣ ካስገባኸው 1,000 ጋር መሃል ላይ 31,000 አለ፣ አንተ የምትጨምረው 29,000። 48 በመቶ ዕድል ካለህ አዋጪ ነው። ሁለት ኩዊን ደግሞ በዘፈቀደ ከመጣ ካርታ ጋር 80 በመቶ ያሸንፋል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ሒሳብ ያዥ፦
የታቦሩ ወንድሜ የቆጠርከው ቺፕ ነው። እነሱ የሚከፋፈሉት ግን ብር ነው፣ በቶርናመንት ሁለቱ አንድ አይደሉም። ተጫዋቾች ለዚህ አይሲኤም የሚሉት ስሌት አላቸው። አንደኛ የመውጣት ዕድልህ ካለው ቺፕ ሁሉ ያንተ ድርሻ ነው። አንደኛውን ሌላ ሰው ወሰደ ብለህ የእሱን ቺፕ ታወጣና ለሁለተኛ በቀረው ላይ ታሰላለህ፣ ለሦስተኛም እንደዚያው።

ጠያቂው ሲጥል 29,000 ይቀረዋል። አንደኛ የመሆን ዕድሉ 29 በመቶ፣ ሁለተኛ 34 ገደማ፣ ሦስተኛ ደግሞ ወደ 29። ምንም ሳያገኝ የመውጣት ዕድሉ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በብር ስታባዛው 1,520 አካባቢ ይመጣል፣ ማለትም ካርታውን ጥሎ ዝም ብሎ የተቀመጠበት ወንበር ይህን ያህል ያወጣል። ገብቶ ቢያሸንፍ 60,000 ቺፕ ይኖረዋል፣ ዋጋው ግን 2,030 ብር አካባቢ ነው። ቺፑ እጥፍ ሆነ፣ ብሩ ግን በ510 ገደማ ብቻ ጨመረ። ቢሸነፍ ዜሮ። 1,520ውን ለ2,030 ስታካፍለው 75 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 48 ሳይሆን 75 ነው።

አሁን ኩዊኑን ተመልከቱት። ከሱ ያነሰ ጥንድ ላይ 80 በመቶ አለው፣ ኤስ ከአነስተኛ ካርታ ጋር ከመጣበት 70 አካባቢ፣ ኤስ-ኪንግ ከሆነ 55 ገደማ። ኪንግ-ኪንግ ወይ ኤስ-ኤስ ከገጠመው 19 አካባቢ ነው፣ አለቀ።

ሐይቅ ዳር፦
ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን ሰውየውንም እዩት እንጂ። ካርታውን ሳያይ የሚገፋ (ኦል-ኢን የሚል) ዓይነት ከሆነ 80 ከ75 ስለሚበልጥ ትገባለህ። ደህና ደህናውን መርጦ የሚገፋ ከሆነ ትጥላለህ፣ ያለቀ ነገር ነው። ደግሞ ሽልማቱ ሙሉ በሙሉ ለአንደኛው ቢሆን ኖሮ ያ የታቦሩ 48 ይሠራ ነበር። በተቃራኒው ለሁሉም አላፊ እኩል የመግቢያ ቦታ የሚሰጥ ሳተላይት የሚባል ውድድር አለ፣ እዚያ ማለፍህ የተረጋገጠ ያህል ከሆነ ኤስ-ኤስም ይጣላል። እኔ በበኩሌ ባለ 5,000ው በሚቀጥለው ዙር ቢግ ብላይንድ እየመጣበት ከመሪው ጋር አልላተምም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ረስቼ፣ ከጣልኩ በኋላ ሰውየው ሊያናድደኝ ካርታውን ገለጠው። ኤስ እና 7 ነበር። የሚስቁብኝ በዚህ ነው፣ "እየመራህ ጣልክ" እያሉ።

ሒሳብ ያዥ፦
እሰይ፣ ገለጠልህ! ኩዊንህ ከኤስ-7 ጋር 70 በመቶ ወይ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። የሚያስፈልግህ 75 ነበር። ካርታውን አስቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቢያሳይህ እንኳ መጣል ነበረብህ። ይህን ንገራቸውና ወረቀትና እስክሪብቶ ያምጡ።

የታቦር ልጅ፦
እሺ ተረታሁ፣ ግን እንዲህ ከሆነ መሪው ሁሌም እየገፋ ሊዘርፈን ነው?

ሒሳብ ያዥ፦
አዎ፣ መሪ የመሆን ጥቅሙ እሱ ነው። አንተም ሁለተኛ ስትሆን ያንኑ ከአንተ ያነሰ ቺፕ ባላቸው ላይ አድርግ። ሊወጡ የሚችሉት እነሱ ስለሆኑ ለመግባት ይፈራሉ፣ አንተ ብትሸነፍም ይቀርሃል። ቀድሞ የሚገፋ ሰው በደካማ ካርታም ያዋጣዋል፣ ተከትሎ የሚገባ ግን በጣም ጠንካራ ያስፈልገዋል።

ጠያቂ፦
ኪንግ-ኪንግ ቢሆንስ?

ሒሳብ ያዥ፦
ማንኛውንም ካርታ የሚገፋ ሰው ከሆነ 82 በመቶ አለህ፣ ግባ። የሚመርጥ ከሆነ ድንበሩ ላይ ነህ፣ ኤስ ከያዘ ያው 70 አካባቢ ትወርዳለህ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሳላስብ የምገባበት ኤስ-ኤስ ብቻ ነው፣ እሱ የትኛውም ሌላ ካርታ ቢገጥመው ከ75 አይወርድም።