ስኂን የምትባል ሴት የምታውቁ አላችሁ? (ት/ቤቱን አላልኩም)

የሐይቋ፦
እንዴት ናችሁ ወሎዬዎች በተለይ የደሴና የአምባሰል ልጆች። አራስ ነኝ፣ ሴት ልጅ ነው የወለድኩት አልሀምዱሊላህ ተመስገን (እኛ ቤት ሁለቱም ይባላል 😂)። አሁን ስም ላይ ነው ግርግሩ። አማቴ የአምባሰል ሰው ናቸው እና ልጅቷ ስኂን ትባልልኝ ብለው ቁጭ አሉ፣ ከድሮ ዘመዶቻቸው አንዷ ስኂን ትባል ነበር፣ ስሙ ከዘራችን እንዳይጠፋ ነው የሚሉት። ባሌ እንደሆነ እናቱ ካሉ አለቀ። እኔ ስሙን ጠልቼው አይደለም፣ ግን ደሴ ላደገ ሰው ስኂን ሲባል ፊቱ ላይ የሚመጣው ትምህርት ቤት ነው፣ እኔም እዛ ነው የተማርኩት፣ ልጄን በጠራኋት ቁጥር የሰልፍ ደወል ሊደወልብኝ ነው ማለት ነው። ትርጉሙ ራሱ ምንድነው? ግእዝ ነው አረብኛ? የእናቴ ወገኖች ሙስሊሞች ናቸው፣ አክስቴ ደሞ "የክርስቲያን ብቻ ነው ወይስ የጋራ" ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁላት። እኩያዬ ሆና ስኂን የምትባል ሴት ገጥማኝ አታውቅም። ሰማንያዋ ሳይደርስ መቁረጥ አለብን በናታችሁ የምታውቁትን በሉኝ።

ጦሳ ስር፦
ደወሉ ገደለኝ ሃሃሃ። እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። እኔም የ"ወሮ ስህን" ልጅ ነኝ። አየሽ ችግሩ እሱ ነው፣ "ወይዘሮ"ው ከስሙ ጋር ተጣብቆ አንድ ቃል ሆኗል፣ "የት ተማርክ" ስትባል "ወሮ ስህን" ትላለህ አለቀ፣ ከጀርባው ሴት ወይዘሮ እንዳለች ግማሹ ተማሪ ትዝም አይለው። ትምህርት ቤቱ ስሙን በላው ማለት ይቻላል።

ሴትየዋ ግን ቀላል ሴት አይደለችም። ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ናት፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የአምባሰሉ ጃንጥራር (የአምባሰል ገዢዎች ማዕረግ ነው) አስፋው ሚስት፣ የእቴጌ መነን እናት። ልጅ ኢያሱ በአባት ወንድሟ ነው። እና እስቲ ያን ቤተሰብ አስቢው፣ መነን በ1903 ተፈሪን አገባች፣ በ1909 ኢያሱ ከስልጣን ሲወርድ አያቷ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ለልጃቸው ወጡ፣ ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፣ ያሸነፋቸው ወገን ደሞ የልጅ ልጃቸው ባል የተፈሪ ወገን ነው። አንዱ ቤት እርስ በርሱ። ይሄን ሁሉ አንድም ቀን ክፍል ውስጥ ሳይነግሩን በስሟ ግቢ ውስጥ ኳስ ስንራገጥ አደግን።

ሌላው የሚገርመኝ አዲሳባ ያለው የልጅየዋ ት/ቤት እቴጌ መነን መባሉ ቀርቶ ስንት ዓመት የካቲት 12 ሲባል ኖሮ ነው ስሙ የተመለሰለት፣ የእናትየዋ ግን ደሴ ላይ ዛሬም በስሟ ነው፣ ኮሌጁም ጭምር። አማትሽ አምባሰል ናቸው ካልሽ ስሙ እዛ መገኘቱ አይገርምም፣ የጃንጥራሮቹ ሀገር ነዋ።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦
ትርጉሙን እኔ ልመልስ። ስኂን ንጹህ ግእዝ ነው፣ እጣን ማለት ነው። ገና ለገና ሲነበብ የምትሰሙት ነው እኮ፣ ሰብአ ሰገል ለጌታ ያመጡለት እጅ መንሻ በግእዙ ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ላይ "ወርቀ ወከርቤ ወስኂነ" ይላል። አማርኛው ወርቅና እጣን ከርቤም ብሎ ስለተረጎመው ቃሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀረ፣ ገበያ ወርዶ "የሁለት ብር ስኂን ስጪኝ" የሚል የለም። ሰው የማያውቀው ለዛ ነው።

አጻጻፉን ደሞ እባካችሁ አታበላሹት፣ በእሳቱ "ስ" በብዙኃኑ "ኂ" ነው፦ ስኂን። በንጉሡ ሠ የሚጽፉ አሉ፣ የንጉሥ ልጅ ስለሆነች መስሏቸው ይሆናል። እኔ የምይዘው እንዲህ ነው፣ እጣን እሳት ካልነካው አይሸትም ስለዚህ በእሳቱ ሰ።

በነገራችን ላይ ከሶስቱ እጅ መንሻዎች ወርቅ ብቻ ነው በስም ያለፈለት፣ ወርቅነሽ ወርቄ ወርቂቱ ወርቅዬ ስንቱ። ስኂን ግን ከስሙ ሁሉ የሚሸተው እሱ ሆኖ ሰው ረሳው።

የሸዋ በር ልጅ፦
ማሻ አላህ እንኳን ደስ አለሽ። የአክስትሽን ጥያቄ እኔ ልሞክረው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ እናቴ የእናቷ ቤተሰብ ክርስቲያን ናቸው፣ ወሎ ነው እንግዲህ። ቃሉ የግእዝ መጽሐፍ ቃል ነው እሱን ወንድሜ ተናግሮታል። ነገሩ ግን እጣን ነው። እጣን የማን ነው? ወዳጃ ላይ ቡናው ሲፈላ ዱአው ሲደረግ መጀመሪያ ፍሙ ላይ የሚጣለው ምንድነው? ቤተስኪያን ጽና ላይ የሚጤሰውስ? ያው እሱ አይደል። እናቴ ሉባን ትለዋለች ጎረቤታችን እማማ እጣን ይሉታል የሚገዙት ካንድ ሰውዬ ነው።

ደሞ የሴትየዋ አባት ንጉሥ ሚካኤል እኮ ሚካኤል ከመባላቸው በፊት ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ፣ በ1870 ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ነው የተጠመቁት፣ ክርስትና ያነሷቸውም አጼ ዮሐንስ ናቸው። በጊዜው ያ ነገር ለብዙ ሰው በውድም በግድም ስለነበር እዚህ አላነሳውም ሌላ ወሬ ነው። ብቻ አክስትሽ ከጠየቀች "አያቱ አሊ ነው" በያት።

ቀጥታ ተናጋሪ፦
ሁሉም ሲያሞጋግስ እኔ እውነቱን ልናገር። ስሙ ሸጋ ነው እሺ። ግን ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ስሟ ሳህን ነው የሚሆነው። ሳህን። "ሳህን ነይ" "ሳህን ታጠቢ" ይሏታል ልጆች ምህረት የላቸውም። ትልቅ ስትሆን ደሞ ባንክ ሄዳ ስም ሲጠራ ሰሂን ሲሂን ስህን ሳሂን እየተባለች ዘላለሟን ስታርም ልትኖር ነው። ስም ለሟች ዘመድ ተብሎ አይወጣም ለምትኖረው ልጅ ነው የሚወጣው። አማትሽን በሌላ አስደስቻቸው፣ ለምሳሌ እሳቸው ቤት ውስጥ ስኂን ብለው ይጥሯት፣ ወረቀት ላይ ቀለል ያለ ስም አድርጉላት። እኛ ሀገር ሶስት ስም የሌለው ማን አለና።

የኮምቦልቻዋ፦
@ቀጥታ ተናጋሪ አይ አንተ ሰው ሳህን የሚለው እኮ እስከ አራተኛ ክፍል ነው ከዛ ያልፋል 😂 ኧረ ለየትኛው ስም ነው ቅጽል የማያወጡት፣ አለምነሽን አለማችን በለጠችን በላጭ እያሉ የሚያደክሙ ልጆች ናቸው።

እኔን የሚገርመኝ ናርዶስ ነው። ናርዶስም የሽቱ ስም ነው እሱም ከመጽሐፍ የመጣ ነው፣ በየመንደሩ ስንት ናርዶስ አለች። ሙስሊሞቹ ጋ ደሞ ሪሃና አለች ሪሃን ጥሩ ሽታ ያለው ቅጠል ነው። ሚዓዛ አለች። ሽታ የሆነ ስም ለሴት ልጅ ማውጣት እንወዳለን ማለት ነው፣ ታዲያ የራሳችን ሀገር ሽታ ሲሆን ለምን ከበደን? የእጣን ዛፍ እኮ እዚሁ አበርገሌ ዋግ ውስጥ ነው ያለው፣ ናርዶስን ማን አይቶት ያውቃል?

ወሎ ደሞ የጠፉ የሴት ስሞች መቃብር ነው እኮ። ወርቂት የት ሄደች? ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ ሲያመልጥ ያሳለፈችው የወሎዋ ወርቂት ናት፣ ቴዎድሮስ ተናዶ እጁ ላይ የነበረውን ልጇን ገደለባት፣ ይሄን ያህል ዋጋ የከፈለች ሴት ስም ዛሬ በመንገድ ስጠሪ የሚዞር ሰው የለም። ባላንጣዋ መስተዋት ነበረች ያም ቢሆን ብርቅ ነው አሁን። መነን ብቻ ትንሽ ተረፈች እሷም ሁለት ጊዜ ነው ከወሎ ተነስታ እቴጌ የሆነችው፣ አንዷ ጎንደር የራስ አሊ እናት መነን ሊበን ሌላዋ የኛዋ መነን አስፋው።

ስኂንን በኋላም ያወጡ አሉ ግን፣ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን አንዷ ልጅ ስኂን አዜብ ትባላለች፣ ቅድመ አያቷን ነው ማለት ነው። አንቺም እንደዛ ጥንድ አድርጊው ከፈራሽ።

የሐይቋ፦
ኧረ እናንተ ሰዎች ተባረኩ፣ ልጅ እያጠባሁ በአንድ እጄ ነው ያነበብኩት። "አያቱ አሊ ነው" የሚለውን ለአክስቴ በስልክ ነገርኳት፣ ዝም ብላ ቆየችና "እንግዲያ እናንተ ናችኋ ከኛ የወሰዳችሁት" አለችኝ 😂😂 ፈቅዳለች ማለት ነው። እጣን መሆኑን ሳላውቅ ነው ይሄን ያህል አመት የኖርኩት፣ ዩኒፎርሜ ላይ ተጽፎ። ለባሌ ስነግረው አማቴ ሰሙና "ታዲያ ምን መስሏችሁ ነበር" አሉ፣ ለካ እሳቸው ያውቁታል ማንም ስላልጠየቃቸው ነው። @ቀጥታ ተናጋሪ ሳህኑ ግን እውነት አስፈርቶኛል አልዋሽም። ቤት ውስጥ ሲጠሩትስ እንዴት ይቆላመጣል? ስኂኔ ከባድ ነው አፍ ላይ።

ጦሳ ስር፦
ስኂንዬ። ወይ ሲኑ። አማትሽ ካንቺ በፊት አውጥተውላታል ባይ ነኝ፣ ጠይቂያቸው።

ወሳኝ ኩነት ሰራተኛ፦
ዘግይቼ ነው ያየሁት ግን አንድ የስራ ምክር ልጨምር ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ የሚንገላታ ሰው በየቀኑ ነው የማየው። የትኛውንም ስም ምረጡ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ነው የሚመዘገበው ስለዚህ ከሰማንያው በኋላ ብዙ ጊዜ የላችሁም፣ ክርስትናውን እና ቀበሌውን አንድ ላይ አስቡት። የክርስትና ስሟ ሌላ ቢሆን እኛን አይመለከተንም የምትጠራበትን ነው የምንጽፈው። ስኂን ካላችሁ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ አምጡ፣ በአፍ ብቻ ከነገራችሁት ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው፣ አንዱ ስህን ሌላው ሲሂን ነው የሚሰማው። የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ደሞ እናትና አባት ቀድማችሁ ተስማሙና እሱኑ ክትባት ካርዱም ላይ ትምህርት ቤትም ፓስፖርትም ላይ አንድ አይነት አድርጉት። ሰርተፍኬቱ ታትሞ ሲሰጣችሁ እዛው ቁማችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት፣ ከወጣችሁ በኋላ ማስቀየር ሌላ ማመልከቻ ሌላ ማስረጃ ነው።