ማን ይጡረን? ልጅ፣ ቅሬ (የወሎ እድር) ወይስ መንግሥት

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር፦ ወሊድ እየቀነሰ ሲሄድ አረጋዊን መጦር የማን ሥራ ነው? መነሻው ትናንት የተነሳው የደቡብ ኮሪያ ነገር ነው። በአውሮፓውያኑ 2023 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 0.72 ልጅ ደርሷል። ስድብ የለም።

ጡረተኛው መምህር፦ «ጡረታ» ራሱ «ጦረ» ከሚለው የመጣ ነው፤ የልጅ ሥራ ነበር። የጀርመኑ መሪ ቢስማርክ በአውሮፓውያኑ 1889 የአረጋውያን አበል ሲደነግግ መቀበያው ዕድሜ 70 ነበር፤ ስንቱ ይደርስበታል? እኛ በ60 ወጥተን ገና እንኖራለን። ከፋይ ሲያንስ ተቀባይ ሲበዛ ሒሳቡ አይገጥምም። ደግሞ መንግሥት ይጦረኛል ያለ ሰው ለምን ይወልዳል?

የፓርኳ ልጅ (ኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ይህን የሚሉን አበልዎን በየወሩ እየተቀበሉ ነው፤ አይቀየሙኝ። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ኦፕሬተር ነኝ። ከደመወዜ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 ይጨምራል። ጡረታ ለማግኘት 10 ዓመት ማገልገል አለብኝ። አብረውኝ ከገቡት ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ዐረብ አገር ሄዱ። እናቴ ስድስት ወልዳለች፤ ወር በወር የምትልክላት ጅዳ ያለችው እህቴ ብቻ ናት። እኔ የቤት ኪራይ ከፍዬ ልጅ? እንጃ።

ሸዋበር፦ እኛ ኮሪያ አይደለንም እኮ። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አገሪቱ 4.6፣ አማራ ክልል 3.7 ነበር።

ጦሳ ሥር፦ እዚያው ዳሰሳ ላይ አዲስ አበባን እይ፤ 1.8። ጉሊት ቸርቻሪዋና የቀን ሠራተኛው ምን ጡረታ አላቸው? ስለዚህ ጋሼ፣ ወሊዱን የቀነሰው አበል አይደለም። ፈረንሳይ ለቤተሰብ ብዙ ታወጣለች፣ በዚያው 2023 ከኮሪያ እጥፍ በላይ ትወልድ ነበር። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። አረጋዊ ድምፅ ይሰጣል፣ ያልተወለደ አይሰጥም፤ ፖለቲከኛው ዕዳውን ወደማን እንደሚገፋ ግልጽ ነው። ያችው ፈረንሳይ በ2023 የጡረታ መውጫ ዕድሜውን ከ62 ወደ 64 ስታሳድግ መንግሥት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49.3 የምክር ቤቱን የመጨረሻ ድምፅ ዘሎ አሳለፈው። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ።

ሸዋበር፦ ለዚህ ነው ቅሬ የሚሻለው። መዋጮ ሲጨመር ፊት ለፊት ትከራከራለህ፣ ሰብሳቢውን ታወርዳለህ።

የፓርኳ ልጅ፦ አብሽር፣ ቅሬ ድንኳን ይተክልልሃል። የስኳር መድኃኒት ግን አይገዛልህም።

ጦሳ ሥር፦ ደግሞ 66ን አትርሱ። ድርቁ ወሎን ሲመታ ዘመድም ጎረቤትም እኩል ነው የተራበው፤ ማን ማንን ይጡር? ከሩቅ የሚመጣ እጅ ያስፈልግ ነበር፣ ያኔ የነበረው መንግሥት ደበቀው። ዛሬ በሴፍቲኔት ጉልበት የሌለው አረጋዊ ሳይሠራ ይረዳል፤ ትንሽ ቢሆንም።

ጡረተኛው መምህር፦ 66ን አይቼዋለሁ። በዚህ አልከራከርህም።

የፓርኳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ልጆችዎ ስንት ናቸው?

ጡረተኛው መምህር፦ አምስት። ሦስቱ አዲስ አበባ ናቸው። የልጅ ልጅ እስካሁን ሁለት።