ክርክር፦ ራሷን የምታውቅ እናት እሺ ካለች የባል ፊርማ ለምን ይጠበቃል?

አወያይ፦ ምጥ ላይ ያለች፣ ራሷን በደንብ የምታውቅ የ24 ዓመት እናት አለች እንበል። የፅንሱ የልብ ምት በደቂቃ ወደ 90 ወርዶ አልመለስ ብሏል። እሷ በኦፕራሲዮን ለመውለድ ተስማምታለች፤ ባል ግን «አባቴ ሳይመጡ አልፈርምም» ብሎ በር ላይ ቆሟል። ይጀመር ወይስ ይጠበቅ?

ጠበቃ ከልደታ፦ ይጀመር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እምቢታው የእሷ ከሆነ እሺታውም የእሷ ነው። ባል በዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም። «ባል የቤተሰቡ ራስ ነው» የሚለው ነገርም በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀርቷል።

አንስቴቲስት (የሰመመን ባለሙያ)፦ ወረቀት ላይ ልክ ነዎት። ግን ደም ሲያስፈልግ ዘመድ የሚያሰባስበው፣ የጎደለውን መድኃኒት ከውጭ ሮጦ የሚያመጣው ያ በር ላይ የቆመው ሰው ነው። እሱን ገፍቶ የገባ ቡድን ችግር ሲመጣ ብቻውን ይቀራል። አምስት ደቂቃ ወስዶ ማግባባት ምን ይጎዳል?

የማህፀን ሐኪም፦ አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሆን ማን ይከራከራል! ከውሳኔ እስከ ሕፃኑ መውጣት የምናስበው 30 ደቂቃ ነው። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት፣ የደም ዓይነት ማየት፣ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መውሰድ፣ በወገብ በኩል ሰመመን መስጠት፣ ሁሉም ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ባልን ማስረዳት ያለበት ሥራው ሳይቆም ነው። እናትየው በጎኗ ትተኛለች፣ ምጥ የሚያፋፍመው የኦክሲቶሲን ጠብታ ካለ ወዲያው ይዘጋል፣ ፈሳሽ ይሰጣታል፣ አንዷ አዋላጅ ደግሞ ባልን ይዛ ታስረዳለች። የሚበላሸው ሁሉም ሰው ባልን ከብቦ ሲለምን ነው።

ጠበቃ ከልደታ፦ በዚያ ላይ ፊርማው ጋሻ የሚመስላችሁ በከንቱ ነው። የሕክምና ተቋም ሐኪሞቹና ረዳቶቻቸው በጥፋታቸው ለሚያደርሱት ጉዳት በዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2651 ኃላፊ ነው፤ ባል ፈረመ አልፈረመ ይህን አይለውጠውም። ስትጠብቁ እናትየዋ ብትጎዳ ግን የወንጀል ሕጉ 575 አለ፤ በአደጋ ላይ ያለን ሰው አለመርዳት ሙያዊ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ይከብዳል።

የሆስፒታል አስተዳደር፦ 575ን ለማስፈራሪያ አያውጡብን እንጂ። የሚቀጣው ሆን ብሎ መተውን ነው። ባልን እየለመነ የዘገየ ቡድን የሚጠየቅ ከሆነ በቸልተኝነት ነው፤ ለሞት 543፣ ለአካል ጉዳት 559። ያ ደግሞ ማስረጃው ሰዓት ነው። ካርዱ ላይ «ቤተሰብ አልተስማማም» ብሎ መጻፍ ምንም አይረዳም። ውሳኔው ስንት ሰዓት ተወሰነ፣ ለእናትየዋ ምን ተነገራት፣ ምን መለሰች፣ ማን ነበር፣ ይሄ መስፈር አለበት።

ሲስተር ከድንገተኛ ክፍል፦ እሺ ያለችውስ ቀላሏ ናት። እምቢ ብትልስ? መጀመሪያ የምታየው ነገር ትክክለኛ እምቢታ መሆኑን ነው። ከኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር የሚመጣ) መንቀጥቀጥ በኋላ የደነዘዘች ሴት «ተዉኝ» ብትል ያ ውሳኔ አይደለም። የተነገራትን በራሷ ቃል መልሳ ትናገር፤ ካልቻለች ዘመድ ይጠየቃል፣ ዘመድ ከሌለ ሁለት ሐኪሞች ጽፈው ይፈርማሉ። መንቀጥቀጡን የሚያቆመው ማግኒዥየም ግን የማንንም ፊርማ አይጠብቅም፤ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ ከዚያ 10 ግራም ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም መቀመጫ። ቋንቋዋ አማርኛ ካልሆነ ደግሞ አስተርጓሚው ባልየው አይሁን።

አንስቴቲስት፦ ሁሉን ተረድታ እምቢ ካለችስ? ፅንሱ እያየነው ይሙት? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2 የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲፈልግ እንደተወለደ ይቆጠራል አይደል የሚለው?

ጠበቃ ከልደታ፦ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሱታ፦ በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ። ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የኖረ ለመኖር እንደሚችል ይገመታል፣ አንቀጽ 4። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ውርስ ላይ ነው፤ ከመወለዱ በፊት የእናቱን ሆድ ያለ ፈቃዷ ለመቅደድ ሥልጣን አይሰጥም።

የማህፀን ሐኪም፦ እኔ በዚህ ከጠበቃው ጋር ነኝ፣ ደስ ባይለኝም። ግን እምቢ ያለችን እናት ጥሎ መሄድ የለም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ሐኪም ወይም የምታምናት አዋላጅ ትጠይቃት። እምቢታው ብዙ ጊዜ ከፍርሃት ነው፤ «ሁለተኛ አልወልድም»፣ ወይም ሰመመኑ ወገቤን ያሽመደምደኛል ከሚል ነው። ሐሳቧን ከቀየረች የቀድሞው እምቢታ አያስርም። ሌላው የምንረሳው ነገር፦ ለኦፕራሲዮን የሰጠችው እሺታ ዳግም እንዳታረግዝ የማህፀን ቱቦ ማሰርን አይጨምርም። ባል «በዚያው ቋጥሩት» ቢል አይሰማም። ደሟ አልቆም ብሎ ሕይወቷን ለማትረፍ ማህፀን ማውጣት ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን ከመግባቷ በፊት ሊነገራት ይገባል።

አንስቴቲስት፦ ቱቦው ላይ አልከራከርም። ባልን ግን አሁንም በር ላይ ትቼው አልገባም፤ ሌሊት ላይ ጥበቃ በሌለበት ጤና ጣቢያ ሕግ ብቻውን ሠራተኛ አይጠብቅም።

የሆስፒታል አስተዳደር፦ ጥበቃ መመደብ የእኛ ሥራ ነው፤ እናትየዋ በዚያ ምክንያት አትዘግይ። ከዚያ በፊት ቅጹን እናስተካክል። በብዙ ቦታ «የታካሚ/የቤተሰብ ፊርማ» ይላል፤ ክርክሩን የፈጠረችው ያቺ ሰያፍ መስመር ናት። ለታካሚ አንድ መስመር ይኑር። የቤተሰቡ ከሥሩ ይሁን፣ «ታካሚ መወሰን ያልቻለው በምን ምክንያት ነው» ከሚል ባዶ ቦታ ጋር። ምክንያቱ ካልተሞላ ቤተሰብ አይፈርምም።