ድሬዳዋ ላይ የእግረኛን ሙቀት ለመለካት በየትኛው ሞዴል ልጀምር?

የድሬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ከከዚራ ሰፈር ተነስቶ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ ከፊራ ገበያ የሚሄድ እግረኛ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያገኘው ነው። ከላንድሳት ሳተላይት የመሬት ሙቀት ካርታ አውጥቻለሁ። የኤርፖርቱ ጣቢያ መረጃም አለኝ። ግን ሁለቱም የማውቀውን ነገር አያሳዩም። ከዚራ ዛፎቹ ስር ቀለል ይላል። ድልድዩ ላይ ስትወጡ ፀሐዩ ከላይ፣ አስፋልቱ ከታች ይጠብሳችኋል። ቴርሞሜትር ብይዝ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዚያ መንገድ እናቶች ሽንኩርት ተሸክመው፣ ልጅ አዝለው ያልፋሉ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ባዶ እጅ መሄዱም ይከብዳል። አማካሪዬ ላንድሳቱ ይበቃሻል ይሉኛል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ካርታ ሠሪ

እህቴ፣ ያልተዋጠልሽ በምክንያት ነው። ላንድሳት ከላይ ሆኖ የሚያየው ጣሪያውን፣ አስፋልቱንና የዛፉን አናት ነው። ከዛፉ ስር ያለውን ሰው አያየውም። በዚያ ላይ የሚያልፈው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ቀኑ ገና ሳይግል። የላንድሳት 8 እና 9 የሙቀት ምስልም አንዱ ፒክስል (የምስሉ ነጠላ ነጥብ) 100 ሜትር በ100 ሜትር ነው። የከዚራ መንገድ ከነቤቱ ከነግቢው አንድ ፒክስል ውስጥ ይገባል።

አንቺ የምትፈልጊው አማካይ የጨረር ሙቀትን ነው። ከፀሐይ፣ ከሰማይ፣ ከግድግዳና ከመሬት ወደ ሰውነት የሚመጣውን ጨረር አንድ ላይ የያዘ ማለት ነው። የአየሩ ሙቀት ጥላ ውስጥም ፀሐይ ላይም ይቀራረባል። የጨረሩ ግን ጥርት ባለ ቀን 20 እና 30 ዲግሪ ሊለያይ ይችላል። ቴርሞሜትርሽ ያጣው ይህንን ነው።

ሶልዊግ የሚባለው ሞዴል ይህን ያሰላል። የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት ነው፤ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ዩሜፕ የሚባለውን ተጨማሪ (ፕለጊን) ጭነሽ በነፃ ታገኚዋለሽ። የሕንፃ ቅርፅ ጉግል ኦፕን ቢልዲንግስ ከሚባለው የሕንፃ መረጃ ውሰጂ። ዛፉ ላይ ግን አትቸኩዪ። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ሚያዝያ መጀመሪያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ዘወር ብትልም 76 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትቆያለች። 6 ሜትር ግድግዳ ያን ሰዓት የሚጥለው ጥላ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ እሱም ወደ ደቡብ። ስለዚህ በ6 ሰዓት እግረኛውን የሚያድነው ሕንፃ ሳይሆን ዛፍ፣ በረንዳና ሸራ ነው። የከፊራን ሸራ ደግሞ የትኛውም ካርታ ላይ አታገኚውም። በእግርሽ ሄደሽ፣ ቁመቱን ለክተሽ መዝግቢው። ያለበለዚያ ሞዴሉ ገበያውን ካለው በላይ ያግለዋል።

ከዶሃ

እኔ ኳታር ግንባታ ላይ በሥራ ደኅንነት ነው የምሠራው። እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ መሥራት ክልክል ነው። ከዚያ ውጭም ዌት በልብ ግሎብ የሚባለው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ካለፈ ሥራ ይቆማል። እሱ ውስጥ የጥቁር ኳስ ሙቀት አለበት፤ የጨረሩን ጉዳይ የሚያመጣው ኳሱ ነው። መሣሪያው ከተወደደብሽ የፒንግ ፖንግ ኳስ ግራጫ ቀቢና ቴርሞሜትሩን መሃሉ ላይ አስገቢ። አንዱን ከዚራ ዛፍ ስር፣ አንዱን ድልድዩ ላይ ስቀዪ። የንፋስ ፍጥነትም አብረሽ ለኪ፤ ያለ ንፋስ ከኳሱ ጨረሩን ማስላት አትችዪም።

የድሬ ልጅ

አቦ ኑሩልኝ! ኳሱን ዛሬውኑ እሞክራለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሸክሙንስ ሞዴሉ ይቆጥራል?

ካርታ ሠሪ

ሶልዊግ አይቆጥርም። ሙቀቱ ሰውን ምን ያህል እንደሚጫነው የሚለካው ዩቲሲአይም ቢሆን በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መደበኛ ሰው ነው የሚያስበው። ከ38 ዲግሪ ሲያልፍ ጫናውን በጣም ከባድ፣ ከ46 ሲያልፍ እጅግ የከፋ ይለዋል። ሽንኩርት የተሸከመች እናት ግን ሰውነቷ ራሱ ብዙ ሙቀት ያመነጫል። ቀስ ብላ ስለምትሄድም ድልድዩ ላይ ትቆያለች። መንገዱን በ10 ሜትር ቁረጪው፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የምታሳልፈውን ጊዜ በእሷ ፍጥነት አስቢ። ባዶ እጁን የሚሄደውን ሰው ለብቻው ሥሪ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ አማካሪሽም ያዩታል። ላንድሳቱን ግን አትጣዪው። ቀጥሎ የትኛው ሰፈር ላይ ሶልዊግን እንደምትሠሪ ለመምረጥ ይሆንሻል።