ወንድሜ አሜሪካ ኮሌጅ ገብቶ አንድ ኮርስ ልተው እያለኝ ነው፣ ምን ልበለው?

የሂርማታ ልጅ፦ ሰላም ጅማዎች እባካችሁ እርዱኝ። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ ነሐሴ ላይ በተማሪ ቪዛ፣ ኤፍ ዋን ነው የሚሉት፣ ሚኒሶታ ሄዶ ኮሌጅ ጀመረ። እዚህ ጎበዝ ነበር፣ አሁን ግን በየቀኑ ሌሊት 9 ሰዓት እየደወለ ያለቅሳል። መምህሯ ስታወራ በጣም ትፈጥናለች፣ ክፍል ውስጥ ያልተሳተፈ ደግሞ ማርክ ይቀነስበታል፣ እሱ አስተማሪ ፊት እጅ አውጥቶ መከራከር ነውር እየመሰለው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። የያዘው 12 ክሬዲት ነው፣ ሳይኮሎጂውን ድሮፕ ላድርገው እያለ ነው።

ቦሳ ቂጦ፦ እህቴ አሁኑኑ ደውይለትና ምንም እንዳይነካ ንገሪው!! በኤፍ ዋን ያለ የኮሌጅ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፣ ሳያስፈቅድ ከዛ ከወረደ እዛ የመቆየት ፈቃዱ ይበላሽበታል። ኮሌጁ ውስጥ የውጭ ተማሪዎችን የሚያይ ቢሮ አለ፣ መጀመሪያ እነሱን ያናግር። ቋንቋው ገና ከብዶት ከሆነ ወይ የአሜሪካንን የማስተማር ዘዴ ካልለመደ ይሄ የታወቀ ምክንያት ነው፣ እስከ 6 ክሬዲት ዝቅ እንዲል ሊፈቅዱለት ይችላሉ፣ ግን ፈቃዱ መቅደም አለበት።

መምህሩ፦ እኔም ውጭ ስማር ሁለት ወር ሙሉ አፌን አልከፈትኩም ነበር፣ ስለዚህ ልጁ በደንብ ይገባኛል። ኦፊስ አወር የሚባል አለ፣ አስተማሪዋ ለተማሪ ብላ ቢሮዋ የምትቀመጥበት ሰዓት ነው፣ ኮርስ አውትላይኑ ላይ ተጽፏል። ሁለት ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፎ ይሂድ። ድፍረት አይባልም፣ እንደውም ልጁ ግድ ይለዋል ብለው ነው የሚያዩት። ከሁለቱ አንዱን በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ይጠይቀው፣ የኔም አፍ የተፈታው እንደዛ ነው።

ቡና በጀበና፦ የኔ እህት እኛ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት እሱ ጋ እኮ ምሽት 1 ሰዓት ነው፣ ምሽቱን ዶርም ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ እያሳለፈው ነው ማለት ነው። በዛ ሰዓት ላይብረሪ ይሂድ፣ ብዙ ኮሌጅ ለተማሪው በነፃ የሚያስጠና ሰው አለው። እናንተ ደግሞ እሁድ ማታ 12 ሰዓት ቡና ስታፈሉ በቪዲዮ ደውሉለት፣ እሱ ጋ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ እናቱን ይያት። ገንዘብም አስጨንቆት ከሆነ ካምፓስ ውስጥ በትምህርት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል፣ ውጭ በካሽ ና ሥራ የሚለውን ሰው ግን እንዳይሰማ።

የሂርማታ ልጅ፦ እግዜር ይስጣችሁ፣ ደወልኩለት፣ ገና ድሮፕ አላደረገም! ነገ ቢሮው ይሄዳል። አሁን ስልክ ላይ ሆነን ጥያቄዎቹን እየጻፍን ነው፣ አንዱ አልቋል።